ዋልተር ዳንዲ፦ ወደ አንጎል መሃል መንገድ የጠረገው ሐኪም

በራስ ቅላችን ውስጥ፣ ከግንባር ብንነሣ ከማጅራት፣ ከላይ ብንነሣ ከጎን፣ መንገዱ ከሁሉም ወገን በሚርቅበት መሃል ቦታ ላይ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ዕጢ ትገኛለች። ፓይኒያል ትባላለች፤ ስሙ የወጣላት የፓይን ዛፍ ፍሬ ስለምትመስል ነው። የጥንቱ ሐኪም ጋሌን ያውቃት ነበር። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት የነፍስ መቀመጫ እርሷ ናት ብሎ ጽፏል። በዓል ሲመጣ የበግ ጭንቅላት ሲፈለጥ ያየ ሰው፣ ሁለቱን የአንጎል ክፋዮች ከኋላ በኩል ቀስ አድርጎ ቢለያያቸው ሊያገኛት ይችላል። ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለና የረከሰ የትምህርት መርጃ አይገኝም።

አንድ ነገር አስቀድመን እንስማማ። በአማርኛችን ዕጢ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፦ ተፈጥሮ ያስቀመጠችውም ዕጢ ነው፣ በበሽታ የሚበቅለውም ዕጢ ነው። እንዳይምታታብን በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያዋን ፓይኒያል፣ ሁለተኛውን እባጭ እንላለን። ዘመኖቹም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታዲያ በዚያች ቦታ እባጭ ሲበቅል ምን ይሆናል? ከፓይኒያል ሥር አንዲት ቀጭን ቦይ ታልፋለች። በአንጎል ውስጥ ያሉት ጓዳዎች ያለማቋረጥ የሚያመነጩት ንጹሕ ውሃ ወደ ታች የሚወርደው በዚህች ቦይ ብቻ ነው። እባጩ ቦዪቱን ሲጫናት ውሃው መውጫ ያጣል፤ ጓዳዎቹ ይነፋሉ፤ አንጎል ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ልጆችንና ወጣቶችን፣ በተለይም ወንዶችን ነው። ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እያደር ዓይኑ ይፈዛል። ሌላም ልዩ ምልክት አለው፤ ልጁ ዓይኑን ወደ ላይ ማንሣት ያቅተዋል። ጥቁር ሰሌዳው ላይኛው ጫፍ የተጻፈውን ለማየት ዓይኑን ሳይሆን አንገቱን ያቀናል። ይህን ምልክት ያጠናው ፓሪኖ የተባለ ፈረንሳዊ የዓይን ሐኪም ስለሆነ በስሙ ይጠራል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ሆስፒታል ሲመጣ የሐኪሙ መልስ አንድ ነበር፦ ምንም ማድረግ አይቻልም። ቦታው ሩቅ ነው። ርቀቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ከመካከለኛው የአንጎል ክፍል ደም ሰብስበው የሚመልሱት ትልልቅ ደም መልሶች ልክ እዚያችው ነጥብ ላይ ተገናኝተው እባጩን እንደ ዘንዶ ይጠመጠሙበታል። ከነሱ አንዱ ቢበጠስ ነገሩ አበቃ። በለንደን ዝነኛው ቪክቶር ሆርስሊ ሞክሮ አልሆነለትም። በበርሊን ፌዶር ክራውዘ አንድ ልጅ አስቀምጦ፣ ከማጅራት በኩል በትንሹ አንጎል ላይ ተንሸራቶ ገብቶ እባጩን አወጣ፤ ልጁም ተረፈ። ይህ በ1913 ተጽፎ ወጣ። ሆኖም ፈለጉን የተከተለ ሰው ለብዙ ዘመን አልተገኘም። የአሜሪካ የአንጎል ቀዶ ጥገና አባት የሚባለው ሃርቪ ኩሺንግ ራሱ የፓይኒያልን እባጭ ለማውጣት በሚያበቃ ሁኔታ ገልጦ አይቶት እንደማያውቅ በግልጽ ጽፏል። እንግዲህ የዛሬው ባለታሪካችን የተነሣው መምህሩ አይሆንም ብሎ የተወውን ቦታ እሄድበታለሁ ብሎ ነው።

ዋልተር ኤድዋርድ ዳንዲ ኤፕሪል 6 ቀን 1886 በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር፣ ሴዳሊያ በምትባል የባቡር ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ዳንዲ ከእንግሊዝ አገር የመጣ የባቡር ነጂ፣ እናቱ ሬቸል ኪልፓትሪክ የአየርላንድ ሰው ነበሩ። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ሀብት የሌለበት፣ ነገር ግን ትምህርት የሚከበርበት ቤት ነበር። ልጁም አላሳፈራቸውም፤ በ1903 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፣ በ1907 ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ባልቲሞር ከተማ ወደሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት አመለከተና በቀጥታ ሁለተኛ ዓመት ገባ። ጆንስ ሆፕኪንስ በዚያን ዘመን በአሜሪካ ወደር የሌለው የሕክምና ትምህርት ቤት ነበር። የባቡር ነጂው ልጅ እዚያ ሲገባ የተሸከመው ጭንቅላቱንና ትጋቱን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ገና ተማሪ ሳለ የአናቶሚ ፕሮፌሰሩ ፍራንክሊን ማል ርዝመቷ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች የሰው ጽንስ ሰጥቶት አጥንቶ እንዲጽፍባት አደረገው። ዳንዲም ጽፎ በ1910 አሳተመ። በዚያው ዓመት በ24 ዓመቱ ሐኪም ሆነ። ከሥጋ ቁራጭ የማትሻልን ነገር ለወራት በአጉሊ መነጽር መመልከት ለአንዳንዱ ቅጣት ነው፤ ለዳንዲ ግን ትንሽ ነገር ውስጥ ትልቅ ካርታ እንዳለ ያሳየው ሥራ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ኩሺንግ ወሰደው። መጀመሪያ በእንስሳት ላይ ምርምር በሚካሄድበት ቤተ ሙከራ፣ ቀጥሎም በሆስፒታሉ ረዳቱ አድርጎ አሠራው። ኩሺንግ ማን እንደነበረ መዘንጋት የለብንም። አንጎል ሲከፈት አብዛኛው በሽተኛ በሚሞትበት ዘመን፣ ቀስ እያለ፣ እያንዳንዷን የደም ጠብታ እየጠበቀ፣ በሽተኞች ከጠረጴዛው በሕይወት እንዲነሡ ያስቻለ ሰው ነው። ጸሐፊም ነበር፤ የሌላውን ታላቅ ሐኪም የዊልያም ኦስለርን የሕይወት ታሪክ ጽፎ በ1926 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ግን ጠባዩ አስቸጋሪ ነበር። ከሥሩ የሚሠራ ሰው በራሱ ሐሳብ ሲነሣ አይወድለትም። ዳንዲም ግትር ነው። ሁለት ግትሮች በአንድ ቤተ ሙከራ ተገናኙ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንባቢ ይገምተው።

በ1912 ኩሺንግ ወደ ቦስተን ተሾሞ ሊሄድ ዕቃውን ማሸግ ጀመረ። ዳንዲ አብሮት እንደሚሄድ አምኖ ተቀምጦ ነበር። መነሻው ቀን ሲቃረብ ግን ኩሺንግ እንደማይወስደው ነገረው። በሆፕኪንስም ቦታ አልተያዘለትም። የ26 ዓመት ሐኪም ያለ ሥራና ያለ መምህር መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ አዝኖለት እዚያው ግቢ እንዲቆይ ፈቀደለት።

እዚህ ላይ ቆም ልንል ይገባል፤ ነገሩ እኛን ይመለከተናልና። ኩሺንግ ታላቅ መምህር ነበር፤ ብዙ አገር የተበተኑ ደቀ መዛሙርት አፍርቷል። ሆኖም ከሁሉ የላቀውን ተማሪውን ደጅ ላይ ትቶት ሄደ። የኩሺንግ ወዳጆች ዳንዲ ትዕቢተኛ ነበር ይላሉ፤ የዳንዲ ወዳጆች ኩሺንግ ቀናተኛ ነበር ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም አልዋሹም። ግን መምህርና ተማሪ ሲጋጩ ሥልጣኑ ያለው መምህሩ ዘንድ ነው፤ ስለዚህ የሚበዛው ጥፋት የሚጻፈውም በመምህሩ ላይ ነው።

ዳንዲ በትርፍ የተሰጠውን ጊዜ አላባከነም። ኬኔት ብላክፋን ከሚባል የሕፃናት ሐኪም ጋር ሆኖ ማንም ያልፈታውን አንድ ጥያቄ ያዘ፦ የአንጎል ውሃ ከየት ይመጣል፣ ወዴትስ ይሄዳል? በዚያን ጊዜ ጭንቅላታቸው በውሃ የሚያብጥ ሕፃናት በየሆስፒታሉ ይሞቱ ነበር፤ ምክንያቱን ግን በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች በውሾች አንጎል ውስጥ ያችን ቀጭን ቦይ በጥጥ ደፈኑ፤ ከደፈኑት በላይ ያሉት ጓዳዎች እንደ ፊኛ ተነፉ። በሕፃናት ላይ ደግሞ ቀለም ጓዳ ውስጥ እየጨመሩ ከወገብ በሚቀዳው ውሃ ውስጥ መድረስ አለመድረሱን ተመለከቱ። ቀለሙ ከደረሰ ቦዩ ክፍት ነው፤ ካልደረሰ ተዘግቷል። ይህን ያህል ቀላል፣ ይህን ያህልም ብልህ ነበር። በ1913 እና በ1914 ያሳተሙት ጥናት ዛሬም የሕክምና ተማሪ የሚማረው ክፍፍል መነሻ ሆኗል።

ይህን ሥራ የቀዶ ጥገናው ክፍል ኃላፊ ዊልያም ሆልስቴድ አየ። ሆልስቴድ በቀዶ ጥገና ክፍል የላስቲክ ጓንት እንዲለመድ ያደረገው ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ ለማንም የማይቸኩል። ዳንዲን ወደ ክፍሉ መለሰው፣ እስከ 1918 ድረስም አሠለጠነው። ከአንዱ በር የተባረረው በሌላው ገባ።

በ1915 ዳንዲ ወደ ፓይኒያል ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ፓይኒያላቸው ላይ እባጭ የበቀለባቸው አንዳንድ ትንንሽ ወንዶች ልጆች ያለ ዕድሜያቸው ጎረምሳ መሆናቸውን አስተውለው ስለዚህች ዕጢ ሥራ ይከራከሩ ነበር። ዳንዲ ክርክሩን ትቶ ቡችሎች ወሰደ፤ አንጎላቸውን ከፍቶ ፓይኒያልን ነቅሎ አወጣና እያደጉ ሲሄዱ ከእኩዮቻቸው ጋር አስተያያቸው። ቡችሎቹ አደጉ፤ ከሌሎቹ የሚለዩበት አንድም ነገር አላገኘም። ፓይኒያል ለሕይወት የግድ አስፈላጊ አይደለችም አለ። (ሥራዋ ሌላ ነበርና ቆይቶ ተገኘ፤ በ1958 አሜሪካዊው አሮን ለርነር ሜላቶኒን የሚባለውን፣ ሌሊቱን ለሰውነት የሚያሳውቀውን ንጥረ ነገር ከከብት ፓይኒያል ለይቶ አወጣ።) ለቀዶ ሐኪሙ ግን ከዚያ ሙከራ የተገኘው ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው፦ እዚያች ቦታ ደርሶ መመለስ ይቻላል! ቡችላው ሳይሞት ከተቻለ፣ በሰውስ?

በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ግን እባጩ የት እንዳለ ማወቅ ነበረበት። ተራ ራጅ አጥንት እንጂ አንጎል አያሳይም። ሐኪሙ በምልክት ገምቶ የራስ ቅል ይከፍታል፤ ብዙ ጊዜም ምንም ሳያገኝ ይዘጋል። ሆልስቴድ በራጅ ሥዕል ላይ በአንጀት ውስጥ ያለ አየር ጎልቶ እንደሚታይ ደጋግሞ ይናገር ነበር። ዳንዲም አንጀቱ የተበሳ ሰው ሆድ ውስጥ የፈሰሰ አየር በራጅ ላይ ቁልጭ ብሎ መታየቱን አስተዋለ። ታዲያ በአንጎል ጓዳ ውስጥ ያለውን ውሃ ቀድቶ በምትኩ አየር ቢሞላስ? በ1918 በሕፃናት ላይ አደረገው። የራስ ቅሉን በትንሹ በስቶ ውሃውን ቀዳ፣ አየር ተካ፣ ራጅ አነሣ። ጓዳዎቹ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆነው ወጡ! የተጠመዘዘ ጓዳ ካለ የጠመዘዘው እባጭ አለ፤ የተቆረጠ ጓዳ ካለ የቆረጠው አለ። የሦስተኛው ጓዳ የኋላ ጫፍ ተበልቶ ከታየ ደግሞ ፓይኒያል ላይ አንድ ነገር በቅሏል ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት አየሩን በወገብ በኩል ማስገባትንም ጨመረበት።

የሰው ልጅ ሕያው አንጎል ውስጡ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥዕል ታየ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮምፒውተር ያለው ራጅ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እስኪመጣ ድረስ፣ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ፣ በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች በዳንዲ አየር ሲሠሩ ኖሩ። አደጋ አልነበረውም አንልም፤ ከባድ ራስ ምታት ያስከትላል፣ የሞቱበት በሽተኞችም ነበሩ። ኩሺንግም ከቦስተን ሆኖ ዘዴውን አልተቀበለውም፤ ሐኪሞች በሽተኛውን በእጃቸውና በዓይናቸው መመርመር ትተው ሥዕል ብቻ ይጠብቃሉ ብሎ ሠጋ። ሥጋቱ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ያልታየ እባጭ ለመፈለግ የራስ ቅል ከመክፈት ይልቅ አይቶ መክፈት እንደሚሻል የሚክድ ሰው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠፋ ሄደ።

በ1921 ዳንዲ የፓይኒያልን እባጭ ስለሚያወጣበት ኦፕራሲዮን ጽፎ አሳተመ። መንገዱ የክራውዘን የማጅራት መንገድ አልተከተለም። ከላይ፣ ከራስ ቅል የኋላ ጎን ሰፊ መስኮት ይከፍታል። ከዚያ አንዱን የአንጎል ክፋይ ከመሃለኛው መጋረጃ ቀስ አድርጎ ያርቃል፤ መንገድ የሚዘጉትን ትንንሽ ደም መልሶች አሥሮ ይቆርጣል። ጥልቀቱ መጨረሻ ላይ ሁለቱን ክፋዮች የሚያገናኘው ነጭ ድልድይ ይቆመዋል። የድልድዩን የኋላ ክፍል ይሰነጥቃል። ያኔ እባጩ ከታች ይታያል፤ በላዩም እነዚያ አስፈሪ ደም መልሶች ተዘርግተዋል። ከነሱ እያላቀቀ፣ ጥቂት በጥቂት እየቆረሰ ያወጣዋል። ይህ ሁሉ ሲደረግ የዛሬው የቀዶ ጥገና ማይክሮስኮፕ የለም፤ የደም ባንክ የለም፤ ፔኒሲሊን የለም። ያለው ጥሩ መብራት፣ የሰለጠነ እጅና ድፍረት ነው።

ድፍረቱ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ብዙዎቹ አልተረፉም። አንዳንዶቹ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ፣ አንዳንዶቹ እባጩ ተመልሶ በቅሎባቸው ሞቱ። ዳንዲ ይህን አልደበቀም፤ የሞቱትንም የዳኑትንም በየጽሑፉ አስፍሯል፤ በ1936 ደግሞ በፓይኒያል እባጭ ላይ የነበረውን ልምድ ሰብስቦ አሳተመ። ሰው በሚሞትበት ኦፕራሲዮን ላይ መደጋገም ተገቢ ነበር ወይ? ይህ ጥያቄ ያኔም ተነሥቷል፣ ዛሬም ይነሣል። አንድ በኩል፣ እነዚያ ልጆች ካልተነኩ ታውረው እየተሠቃዩ መሞታቸው የማይቀር ነበር። በሌላ በኩል፣ ኩሺንግ የመረጠው መንገድ ነበረ፦ እባጩን ሳይነኩ የራስ ቅሉን ከፈት አድርጎ ግፊቱን ማስታገስ፤ የሚያሳጥረውም የሚያረዝመውም ተፈጥሮ ይሁን ማለት። ዳንዲ ግማሽ ሥራ አይወድም። እባጭ ከቀረ ይመለሳል የሚል እምነት ነበረው፤ ስለዚህ ሁሉን ማውጣት ወይም መተው ነበር ደንቡ። በሌሎች እባጮች ላይ ይህ እምነቱ ብዙ ሰው አድኗል። በፓይኒያል ላይ ግን ብልጫው የታየው ዘግይቶ፣ ያውም በከፊል ነው።

ከኩሺንግ ጋር የነበረው ጠብ የፈነዳው በ1922 ነው። ኩሺንግ በመስሚያ ነርቭ ላይ ስለሚበቅል እባጭ በ1917 ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ የሱ ዘዴ የእባጩን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ሽፋኑን መተው ነው። ዳንዲ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት ሲል አጭር ማስታወሻ አሳተመ፤ የመምህሩን ሥራ ግን በስም አላነሣም። ኩሺንግ በቁጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ ዳንዲም በቁጣ መለሰ። በዚህ ጉዳይ ፍርዴ በዳንዲ ላይ ነው። መምህር ቢበድልህም የተማርከውን ከማን እንደተማርክ መጻፍ ዕዳ ነው። ቢሆንም ቀልድ የሚመስል አንድ ነገር አለ። ዳንዲ በማርች 23 ቀን 1937 በአንጎል ውስጥ ያበጠ ደም ቅዳ አንገቱን ቆንጥጦ ዘጋ፤ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገ ነው፣ በሽተኛውም የ43 ዓመት ሰው ነበር፣ ዳነም። የቆነጠጠባት ትንሽ የብር መቆንጠጫ ግን የዘር ሐረጓ ኩሺንግ በ1911 ወደ ቀዶ ጥገና ካስገባት መቆንጠጫ ይመዘዛል።

የዳንዲን ሥራ በሙሉ መዘርዘር አይቻልም። በ1922 በቱቦ መነጽር የአንጎል ጓዳ ውስጥ ተመለከተ፤ ለታገደው ውሃም በሦስተኛው ጓዳ ወለል ላይ አዲስ መውጫ መክፈትን አሰበ። ፊትን እንደ መብረቅ የሚመታውን የነርቭ ሕመም በአዲስ መንገድ አከመ፤ ነርቩን የሚጫን የደም ሥር ብዙ ጊዜ እንደሚያይም ጻፈ፤ እውነቱ ተቀባይነት ያገኘው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1929 የወገብ ዲስክ ከቦታው ወጥቶ ነርቭ እንደሚጫን አሳየ፣ ምስጋናውን ግን ከአምስት ዓመት በኋላ የጻፉ ሌሎች ወሰዱት። በቤዝቦል ጨዋታ ኳስ ራሳቸውን እየመታቸው የሚጎዱ ተጫዋቾችን አይቶ ከአንድ የአጥንት ሐኪም ጋር የቆብ መከላከያ ሠርቷል፤ በ1941 የብሩክሊን ቡድን ተጫዋቾች አደረጉት። ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚገርመኝ በ1920ዎቹ ያቋቋመው ነገር ነው፦ አንጎላቸው የተከፈተ በሽተኞች ከሌላው ተለይተው ሌት ተቀን ነርስ የማይለያቸው ሦስት አልጋ ያለው ክፍል። ዛሬ በየትልልቁ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው መነሻው እንዲህ ያለው ክፍል ነው ይባላል።

ሰውየውስ? ቁጡ ነበር። በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ መሣሪያ መወርወሩ፣ ረዳቶቹን ማባረሩና መልሶ መጥራቱ ዝነኛ ነው። በመምህሩ የደረሰበትን እሱም በተራው በተማሪዎቹ ላይ ጥቂት አደረሰ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሆኖም አብረውት የቆዩት በሙያው የተካኑ ሆነው ወጡ፤ ቡድኑም በሆፕኪንስ የአንጎል ቡድን እየተባለ ይጠራ ነበር፤ በ1930ዎቹ በዓመት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ኦፕራሲዮን ያካሂድ ነበር። ከበሽተኞቹ ጋር ግን ሌላ ሰው ነው። ከድሃ ገንዘብ አይቀበልም፤ አንዳንዴም ከሩቅ ለመጣ በሽተኛ የመሣፈሪያ ከኪሱ ይሰጣል። ከቄስም አያስከፍልም። በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ሌላ ሙያ አለ፤ አስተማሪ። ምክንያቱን አልጻፈም፤ እኛም አንጠይቀው።

በ1924 ሴዲ ማርቲን የምትባል ሴት አግብቶ አራት ልጆች ወለደ፤ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድን ለቤተሰቡ አደረገ። ዝናው ግን ዕረፍት ላይም አይለቀውም። በጁላይ 1937 ዝነኛው የሙዚቃ ደራሲ ጆርጅ ጌርሽዊን በካሊፎርኒያ በአንጎል እባጭ በድንገት ሲወድቅ ወዳጆቹ ዳንዲን ፈለጉ። ዳንዲ በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ከሜሪላንድ ገዥ ጋር በጀልባ ላይ ነበር። የመንግሥት ጀልባዎች ተልከው አገኙት፤ ወደ ካሊፎርኒያ እንዲበር ኒው ጀርሲ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ተወሰደ። እዚያ ሲደርስ ግን የካሊፎርኒያ ሐኪሞች መጠበቅ ስላልቻሉ ኦፕራሲዮኑ እንደተጀመረ በስልክ ተነገረው። ጌርሽዊን ጁላይ 11 ቀን በ38 ዓመቱ ሞተ።

የፓይኒያሉ ነገር በመጨረሻ ምን ደረሰ? ከዳንዲ በኋላ አብዛኛው ቀዶ ሐኪም ደፍሮ አልገባም። ኖርዌያዊው ቶርኪልድሰን በ1939 የታገደውን ውሃ በቱቦ አሳልፎ ከበታች ማፍሰስን አሳየ፤ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ልማዱ ቱቦ ማስገባትና እባጩን ሳያዩት በጨረር መምታት ሆነ። ለአንዳንዱ ልጅ ተአምር ሠራ፣ ለአንዳንዱ ምንም አልፈየደም። የሚለየው የእባጩ ዓይነት ነው፤ ዓይነቱ የሚታወቀው ደግሞ ቁራጩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ ቁራጭ ለመውሰድ ያው እዚያችው ቦታ መድረስ ያስፈልጋል። በ1971 አሜሪካዊው ቤኔት ስታይን የቀዶ ጥገና ማይክሮስኮፕ ይዞ የክራውዘን የማጅራት መንገድ አደሰው፣ በሽተኞቹም መትረፋቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ በሩ አልተዘጋም። ዛሬ ሐኪሞች እንደ እባጩ አቀማመጥ ወይ በክራውዘ፣ ወይ ከዳንዲ በተወለደው የላይኛው መንገድ ይገባሉ። ብዙ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ በቀጭን የቱቦ መነጽር ሦስተኛው ጓዳ ገብተው በአንድ ጉዞ ሁለት ነገር ያደርጋሉ፦ በወለሉ ላይ ለውሃው መውጫ ይከፍታሉ፣ ከእባጩም ቁራጭ ይወስዳሉ። ጀርሚኖማ የሚባለው፣ በወንዶች ልጆች ላይ የሚዘወተረው ዓይነት ከሆነ መቁረጥ እንኳ አያስፈልግም፤ በጨረርና በመድኃኒት አብዛኛው ይድናል። ዳንዲ በቢላዋ ከታገላቸው እባጮች አንዳንዶቹ ሳይነኩ ሊሟሙ ይችሉ ነበር ማለት ነው። ይህን በሱ ዘመን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ኩሺንግ በኦክቶበር 1939 ሞተ። ዳንዲ ሥራውን አልቀነሰም፤ ጦርነቱ ረዳቶቹን ሲወስድበት እንኳ ከጠረጴዛው አልተለየም። በ1946 የጸደይ መጀመሪያ ልቡን አመመው። ኤፕሪል 19 ቀን፣ ከ39 ዓመት በፊት በተማሪነት በገባበት በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። 60 ዓመት ከሞላው 13 ቀኑ ነበር።